የእንግሊዝኛን ግስ ከአማርኛው ጀምሮ መፍታት

እስቲ «አልነገረችኝም» በሉ። አንድ ቃል ነው፣ በአንድ ትንፋሽ ይወጣል። ውስጡ ግን ስንት ነገር ታጭቋል፦ ባለቤቷ እሷ ናት፣ ጊዜው አልፏል፣ ነገሩ አልተደረገም፣ የቀረበትም ሰው እኔ ነኝ። እንግሊዝኛ ይህን ሁሉ አንድ ቃል ላይ አይጭንም። «ሺ ዲድ ኖት ቴል ሚ» ብሎ ለ5 ቃላት ያከፋፍለዋል።

ማታ ማታ አዋቂዎችን እንግሊዝኛ ሳስተምር «እኔን የከበደኝ ግሱ ነው» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አብዛኛው የ12ቱን «ቴንስ» ሠንጠረዥ በቃሉ ይወጣዋል። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል፣ ቢዘገይ ከ9ኛ ክፍል ወዲያ ደግሞ ሌላውም ትምህርት በእሱ ነው፤ ስለዚህ ሠንጠረዡን ያላየ የለም ማለት ይቻላል። አፉን ሲከፍት ግን «ሺ ኖት ቶልድ ሚ» ይላል። በእኔ እምነት የጎደለው ሠንጠረዥ ሳይሆን የራስን ግስ ፈትቶ የማየት ልምድ ነው። ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ። የእንግሊዝኛ ቃላቱን በፊደላችን ነው የጻፍኳቸው፤ ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው፣ አጻጻፋቸውን ደግሞ ከመዝገበ ቃላት እያያችሁ ጎናቸው አስፍሩ።

1. ግሱን አራግፉ

አንድ የአማርኛ ግስ ጻፉና እነዚህን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ጠይቁት። ማን? መቼ? ሆነ ወይስ አልሆነም? ምን ተደረገ? ማንን ወይም ለማን? መልሶቹን በዚያው ቅደም ተከተል ከደረደራችሁ የእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር አጥንት ቆመ ማለት ነው። «አልጠሩንም» ቢሆን፦ እነሱ፣ ያለፈ፣ አልሆነም፣ መጥራት፣ እኛን። «ዘይ ዲድ ኖት ኮል አስ»።

እዚህ ላይ ሁለት ልማድ መተው አለብን። አንደኛው ባለቤቱን መዋጥ ነው። በአማርኛ «መጣ» ካልን «እሱ» ማለት አያስፈልገንም፤ ግሱ ራሱ ይናገራል። እንግሊዝኛ ውስጥ «ኬም» ብቻውን ማን እንደመጣ አያውቅም። ዝናቡ እንኳን ባለቤት ይፈልጋል፦ «ዘነበ» ለማለት «ኢት ሬይንድ» ይባላል። ያ «ኢት» ማን ነው ብላችሁ አትድከሙ፤ ወንበሩ ባዶ እንዳይሆን የተቀመጠ ነው። ሁለተኛው ግሱን መጨረሻ ላይ መጣል ነው። «አልማዝ ዳቦ ገዛች» ላይ ግሱ ማሰሪያ ነው፣ ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው እሱ ነው። በእንግሊዝኛ ግሱ ከባለቤቱ ቀጥሎ ይገባል፣ ዳቦው ከኋላ ይከተላል።

2. ግሱን በትእዛዝ ስሙ ያዙት

ይህን ቀደም ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ስንት ዓመት ባተረፍኩ። ልጆች ሆነን ደብተራችን ላይ «ጎ = ሄደ፣ ካም = መጣ፣ ኢት = በላ» ብለን እንጽፍ ነበር። የአማርኛ መዝገበ ቃላት ግስን የሚያስቀምጠው በ«እሱ» እና በኃላፊ ጊዜ ስለሆነ ነገሩ ትክክል ይመስላል። ውጤቱ ግን መጥፎ ነው። «ሄደ» ማለት ስንፈልግ ጭንቅላታችን «ጎ» ብሎ ያቀብለናል፤ «ሂ ጎ የስተርዴይ» የሚመጣው ከዚያ ነው።

«ጎ» «ሄደ» አይደለም። የሚቀርበው «ሂድ» ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ የግሱ መነሻና ትእዛዙ አንድ ነው፦ «ጎ!» ሂድ፣ «ካም!» ና፣ «ኢት!» ብላ። ስለዚህ የድሮውን ዝርዝር ሰርዙና «ጎ = ሂድ፣ ዌንት = ሄደ» ብላችሁ እንደገና ጻፉ። ሃያ ግስ እንኳን እንዲህ ብትለውጡ ልዩነቱ በሳምንት ይታያል።

3. አምስቱን መልኮች ቁጠሩ

እንግሊዝኛ በዚህ በኩል ምስኪን ነው። የኛ ግስ ስንት መልክ እንዳለው ቆጥሮ የጨረሰ አላየሁም፤ የነሱ ከአንዱ በቀር ቢበዛ 5 ነው። «ኢት፣ ኢትስ፣ ኤት፣ ኢትን፣ ኢቲንግ»፤ አለቀ። እንደ «ፑት» ያለውማ 3 ብቻ ነው፦ «ፑት፣ ፑትስ፣ ፑቲንግ»፤ ለትናንቱም ለዛሬውም አንዱን ይጠቀማል። ከሁሉ የሚበልጠው «ቢ» ነው፣ 8 መልክ አለው፦ «ቢ፣ አም፣ ኢዝ፣ አር፣ ዎዝ፣ ወር፣ ቢን፣ ቢይንግ»።

መደበኛዎቹ ግሶች ለኃላፊ ጊዜ መጨረሻቸው ላይ «ድ» ይጨምራሉ። አጻጻፉ አንድ ሲሆን ድምፁ ግን ሦስት ነው፦ «ፕሌይድ» ላይ «ድ»፣ «ወርክት» ላይ «ት»፣ ግሱ ራሱ በ«ት» ወይም በ«ድ» ሲያልቅ ደግሞ «ኢድ»፣ እንደ «ዎንቲድ»። «ወርኪድ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ከአጻጻፉ ያነበበ ነው።

መደበኛውን መንገድ የማይከተሉት ወደ 200 ገደማ ናቸው። ጥንታዊ የቤት ውስጥ ቃላት ናቸው፦ መብላት፣ መጠጣት፣ መተኛት፣ መሄድ፣ መስጠት። አዲስ የሚገባ ግስ ግን ሁሉም ማለት ይቻላል መደበኛ ነው፤ «ጉግል» ግስ በሆነ ጊዜ ያለ ክርክር «ጉግልድ» ተባለ። «ዌንት» ደግሞ መጀመሪያ የ«ጎ» ልጅ አልነበረም። «ዌንድ» የሚባል የሌላ ግስ ኃላፊ ጊዜ ነበር፣ «ጎ» ወሰደው። ስለዚህ «ጎ እንዴት ዌንት ሆነ?» ብሎ የጠየቀ ተማሪ ሞኝ አይደለም።

እነዚህን በፊደል ተራ አትሸምድዷቸው፤ በዜማ ሰብስቧቸው። «ሲንግ፣ ሳንግ፣ ሰንግ» ካላችሁ «ድሪንክ፣ ድራንክ፣ ድረንክ»፣ «ስዊም፣ ስዋም፣ ስወም» ይከተላል። ልብ ብላችሁ እዩት፦ ተነባቢዎቹ በቦታቸው ናቸው፣ የሚለዋወጠው አናባቢው ነው። ይህ የኛው ቤት ሥራ ነው። ሰበረ፣ ይሰብራል፣ ሰባሪ እያልን ያደግን ሰዎች ለዚህ ጆሮ አለን። ሌላው ቡድን «ባይ–ቦት፣ ብሪንግ–ብሮት፣ ካች–ኮት» ነው። ሦስተኛው የማይነቃነቀው ነው፦ «ፑት፣ ከት፣ ሂት፣ ሸት»።

4. አንድ ጋቢ

ተማሪዎቼን ከሁሉ በላይ የሚያደናቅፈው ይሄ ነው፤ እኔም የምለው በምሳሌ ነው። ቤቱ ውስጥ አንድ ጋቢ ብቻ አለ እንበል። ጊዜን የሚያሳየው ምልክት ያ ጋቢ ነው። ወደ ደጅ ሲወጡ ከፊት የቀደመው ግስ ይለብሰዋል፤ የተከተለው ያለ ጋቢ ይወጣል።

«ሺ ቶልድ ሚ»፦ ግሱ ብቻውን ነው፣ ጋቢውን ራሱ ለበሰ። «ሺ ዲድ ኖት ቴል ሚ»፦ ረዳቱ «ዱ» ቀደመ፣ ለበሰና «ዲድ» ሆነ፤ «ቴል» መነሻ መልኩ ላይ ቀረ። «ሺ ዲድ ኖት ቶልድ ሚ» ያለ ሰው ከአንዱ ጋቢ ሁለት አወጣ።

ለ«እሱ» እና ለ«እሷ» በአሁን ጊዜ የሚጨመረው «ስ» ወይም «ዝ»ም ያው ጋቢ ነው። «ሂ ኖውዝ» (ያውቃል)፤ «ሂ ደዝ ኖት ኖው» (አያውቅም)። «ዝ»ው ጠፋ ወይ? አልጠፋም፣ ወደ «ደዝ» ሄደ። ስትጠይቁ ረዳቱ ባለቤቱን ዘሎ ፊት ይቆማል፦ «ደዝ ሂ ኖው?» «ዲድ ሺ ቴል ዩ?»። በአማርኛ ድምፃችንን ብቻ ከፍ አድርገን «ነገረችህ?» ስለምንል ይህ መዝለል አይመጣልንም፤ በአፍ ደጋግሞ ማለማመድ ብቻ ነው የሚያዋጣው።

«ቢ» ግን ረዳት አይለምንም። «ሺ ኢዝ ኖት ሂር»፣ «ኢዝ ሺ ሂር?»፤ ራሱ ያፈርሳል፣ ራሱ ይዘላል።

ጋቢ የማይለብሱ 9 ግሶችም አሉ፦ «ካን፣ ኩድ፣ ሜይ፣ ማይት፣ መስት፣ ሻል፣ ሹድ፣ ዊል፣ ዉድ»። «ሺ ካንስ» የሚባል ነገር የለም። ቀጥሎ የሚመጣውም ግስ እርቃኑን ነው። እኛ «መሄድ እችላለሁ» ስለምንል ያቺን «መ» ይዘን «አይ ካን ቱ ጎ» እንላለን፤ «ቱ»ዋን ጣሏት፣ «አይ ካን ጎ» ነው። «መሄድ እፈልጋለሁ» ላይ ግን «ቱ» ግዴታ ናት፦ «አይ ዎንት ቱ ጎ»።

አንድ አደገኛ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። «መውሰድ የለብህም» በአማርኛ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ «እንዳትወስድ» ወይም «ግዴታ የለብህም፣ ከፈለግህ ተወው»። እንግሊዝኛ ሁለቱን ይለያል። «ዩ መስት ኖት ቴክ ኢት» ክልከላ ነው። «ዩ ዱ ኖት ሃቭ ቱ ቴክ ኢት» ምርጫ ነው። ስለ መድኃኒት ለታማሚ ስታስተረጉሙ የትኛው እንደሆነ መልሳችሁ ሳትጠይቁ አትለፉ።

5. ጊዜውን ለጊዜው አጋቡ

«እበላለሁ»ን እንጀምር። ይህ ቃል የሁልጊዜውንም የነገውንም ይችላል። «በየቀኑ ቡና እጠጣለሁ» እና «ነገ እደውላለሁ» መልካቸው አንድ ነው። በእንግሊዝኛ ሁለት ናቸው፦ «አይ ድሪንክ ኮፊ ኤቭሪ ዴይ»፣ «አይ ዊል ኮል ዩ ቱሞሮው»። መፈተኛው ቀላል ነው። ግሱ ፊት «ሁልጊዜ» ብትሉ ይስማማል? «ዊል» አያስፈልግም። «ነገ» ነው የሚስማማው? «ዊል» አስገቡ። «ልሄድ ነው» ስትሉ ደግሞ «አይ አም ጎይንግ ቱ ጎ» ይሻላል።

«በልቻለሁ» ወደ «አይ ሃቭ ኢትን» ይሄዳል፤ «ሃቭ» እና አራተኛው መልክ። በደንብ የተጋቡ ይመስላሉ፣ ችግሩ ሦስት ቦታ ላይ ነው።

መጀመሪያ፣ እኛ «ትናንት መጥቷል» ማለት እንችላለን። እንግሊዝኛ «የስተርዴይ»ን ከ«ሃዝ ካም» ጋር አያስቀምጥም። የቀን ስም ከተጠራ «ሂ ኬም የስተርዴይ» ብቻ።

ሁለተኛ፣ «እዚህ አገር ከመጣሁ 5 ዓመቴ ነው» የምንለው በ«ነው» ስለሆነ አፋችን ላይ «አይ አም ሂር ፎር ፋይቭ ይርስ» ይመጣል። ሰሚው የሚረዳው «የመጣሁት ለ5 ዓመት ቆይታ ነው» ብሎ ነው። የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ይህ ትንሽ ስህተት አይደለም። «አይ ሃቭ ቢን ሂር ፎር ፋይቭ ይርስ» በሉ። ካለፈው ጀምሮ እስካሁን ያልተቋረጠ ነገር የ«ሃቭ» እና የአራተኛው መልክ ግዛት ነው።

ሦስተኛው ብዙ አስተማሪ የማያነሳው ነው። «ጃኬት ለብሷል»፣ «ተኝቷል»፣ «ቆሟል»፣ «ተቀምጧል» እንላለን። መልኩ የ«በልቷል» ነው፣ ትርጉሙ ግን አሁን ያለበት ሁኔታ ነው። ስለዚህ «ሂ ሃዝ ስሌፕት» አይደለም፤ «ሂ ኢዝ ስሊፒንግ» ነው። ጃኬቱም «ሂ ኢዝ ዌሪንግ ኤ ጃኬት»። «አሁንም እንዲሁ ነው?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፤ መልሱ አዎ ከሆነ ወደ «ኢንግ» ሂዱ።

ከዚያ ደግሞ የኛው ተንኮል አለ። በሩ ሲንኳኳ ገና ጫማ ሳናደርግ «መጣሁ!» ብለን እንጮሃለን። በኃላፊ ጊዜ! እንግሊዝኛው «አይ አም ካሚንግ!» ነው። ካፌ ውስጥ ቦርሳውን ለጓደኛው ትቶ «መጣሁ» የሚል ሰውማ ጭራሽ እየሄደ ነው፤ የሱ «አይ ዊል ቢ ራይት ባክ» ይሆናል። «ገባኝ» «አይ አንደርስታንድ» ነው፣ «ገባሽ?» ደግሞ «ዱ ዩ አንደርስታንድ?»። «ወደድኩት» ብላችሁ ሸሚዙን ከገዛችሁ «አይ ላይክ ኢት» ነው የምትሉት፤ «አይ ላይክት ኢት» ካላችሁ ሻጩ አሁን ሐሳባችሁን የለወጣችሁ ሊመስለው ይችላል።

6. በውስጣችን የሚሆነውን ገልብጡት

«ራበኝ»፣ «ጠማኝ»፣ «በረደኝ»፣ «ደከመኝ»። በአማርኛ ርሃቡ አድራጊ ነው፣ እኔ ተሳቢ ነኝ። በእንግሊዝኛ እኔ ባለቤት ሆኜ እቀመጣለሁ፣ ርሃቡም ግስ መሆኑ ቀርቶ ቅጽል ይሆናል፦ «አይ አም ሃንግሪ»፣ «አይ አም ኮልድ»። «ራሴን አመመኝ» ሲሆን በሽታው ንብረት ይሆናል፤ «አይ ሃቭ ኤ ሄዴክ»። «ወንድም አለኝ» ላይም ያው «ሃቭ» ነው።

«ናፈቅሽኝ» ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ግሱን ብታራግፉት ባለቤቷ «አንቺ» ናት። በአንደኛው እርምጃ መሠረት ብትደረድሩት «ዩ ሚስት ሚ» ይወጣል፤ ይህ ማለት የናፈቅኳት እኔ ነኝ ማለት ነው። ፍቅረኛችሁ እንግሊዝኛ ብቻ የምታውቅ ከሆነች ትስቅባችኋለች ወይም ትቀየማለች። በእንግሊዝኛ ባለቤቱ የሚናፍቀው ሰው ነው፦ «አይ ሚስ ዩ»።

7. «አስ» እና «ተ»

አማርኛ ግሱ ፊት «አስ»ን ጨምሮ ሥራውን ለሌላ ሰው ያስተላልፋል። «መኪናዬን አጠብኩ» እና «መኪናዬን አሳጠብኩ» እጃችሁ መርጠቡንና አለመርጠቡን ይለያሉ። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ጭማሪ የለውም፣ «ሃቭ»ን ይልካል፦ «አይ ሃድ ማይ ካር ዎሽት»። የግሱ አራተኛ መልክ መጨረሻ ላይ መሆኑን አስተውሉ። አንድ ተማሪዬ «ጥርሴን አስነቀልኩ» ለማለት «አይ ፑልድ ማይ ቱዝ» ብሎ ክፍሉን በሙሉ አስጨንቋል፤ ጉጠት ይዞ መስታወት ፊት የቆመ ነበር የመሰለን።

«ተ» ደግሞ አድራጊውን ይሰውራል፦ «ተሰረቀ»፣ «ተጻፈ»። እንግሊዝኛው «ቢ» እና አራተኛው መልክ ነው፦ «ማይ ፎን ዎዝ ስቶለን»። «ተሰረቀብኝ» ላይ ያለችው «ብኝ» ቦታ የላትም፤ «ማይ» ብቻ ትበቃለች። አንዳንድ ግሶች ግን «ተ»ን ያለ ምንም ረዳት ይችሉታል። «ብርጭቆው ተሰበረ» ለማለት «ዘ ግላስ ብሮክ» በቂ ነው፤ በሩም «ዘ ዶር ኦፕንድ» ነው።

8. «አለ» ስትሉ ሰውየውን ለውጡ

አንድ ወዳጄ ምሽት ፈረቃ ይሠራ ነበር። ባልደረባው ደውሎ «ነገ አልመጣም» ይለዋል። አለቃቸው ስትጠይቀው «ሂ ሴድ አይ አም ኖት ካሚንግ ቱሞሮው» ብሎ መለሰ። በአማርኛ ልክ ነው፤ «ነገ አልመጣም አለ» ስንል የማይመጣው ባዩ እንጂ አውሪው እንዳልሆነ ማንም ይገባዋል። አለቃዋ ግን የሰማችው «እኔ ነገ አልመጣም» ማለቱን ነው። በማግስቱ ወዳጄ ሥራ ሲገባ ፈረቃው ለሌላ ተሰጥቶ ጠበቀው፤ የቀረውን ባልደረባውን ደግሞ ሲፈልጉት ዋሉ።

እንግሊዝኛ የሰውን ቃል ሲያወራ «እኔ»ን ወደ «እሱ» ይለውጣል፣ ግሱንም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይስበዋል፦ «ሂ ሴድ ሂ ዎዝ ኖት ካሚንግ»። «እመጣለሁ አለች» ደግሞ «ሺ ሴድ ሺ ዉድ ካም»፤ «ዊል» ወደ ኋላ ሲሳብ «ዉድ» ይሆናል። በዚያው «ሴይ» እና «ቴል»ን ለዩ። «ቴል» ሰውየውን ወዲያው ይፈልጋል፣ «ሂ ቶልድ ሚ»። «ሴይ» ግን ሰው ካስፈለገው «ቱ» ያስገባል። «ሂ ሴድ ሚ» የሚባል የለም።

9. ከራሳችሁ ስልክ ተለማመዱ

የመጽሐፍ መልመጃ አልሰጣችሁም። ማታ ስልካችሁን ክፈቱና በዕለቱ ከላካችኋቸው የአማርኛ መልእክቶች 10 ግሶች ምረጡ። እያንዳንዱን አራግፉ፣ በእንግሊዝኛ ደርድሩ፣ ጮክ ብላችሁ በሉ። ምርጫችሁ ሁሉ «ደህና ነኝ» ብቻ ከሆነ አልሠራችሁም፤ ረጃጅሞቹን ፈልጉ።

ለመሟሟቂያ አራት ላስቀምጥ። «አልጠራኋችሁም» ቀላሉ ነው፦ «አይ ዲድ ኖት ኮል ዩ»። «አትጠጣም» ግን ሁለት መልስ አለው፤ እሷ ከሆነች «ሺ ደዝ ኖት ድሪንክ»፣ አንተ ከሆንክ «ዩ ዱ ኖት ድሪንክ»፤ አማርኛው የደበቀውን እንግሊዝኛው በግድ ያስመርጣችኋል። «አላስጠገነችውም» ውስጥ «አስ» ስላለ «ሃቭ»ን ጥሩት፣ ጋቢውን ግን ከፊት ላለው «ዱ» ስጡ፦ «ሺ ዲድ ኖት ሃቭ ኢት ፊክስት»።

የመጨረሻዋ «አልተነገረኝም» ናት። ከመጀመሪያዋ «አልነገረችኝም» የሚለያት እሷ ጠፍታ «ተ» መግባቷ ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ ግን «ዲድ» ይወጣል፣ «ቢ» ይገባል፣ ተሳቢ የነበርኩት እኔ ባለቤት ሆኜ ፊት እቆማለሁ፦ «አይ ዎዝ ኖት ቶልድ»።